ሰኞ ጠዋት የማይፈትነው መምህር

(በትምህርት ዓመቱ መክፈቻ በወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እዚያ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ከመጀመሬ በፊት፣ በሩ አጠገብ ወንበር ያላገኙ እናቶች ይታዩኛል። ልጆች፣ እስኪ ተነሱላቸው። እደጉ፣ ተባረኩ።

ርዕሰ መምህራችን ስለ ተማሪዎች ውጤት እንድናገር ጠይቀውኛል። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ሰሌዳ ፊት ከቆምኩ 24 ዓመት ሆነኝ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ በቁጥር ልጀምር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ትዝ ይላችኋል? ኩረጃ ይቅር ተብሎ ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑት ነው። 896,520 ተማሪ ተፈተነ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነው። ከመቶ ልጅ ሦስት እንደማለት ነው። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥም፣ ሻይ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም ወሬው አንድ ነበር። "የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ስልኩ ላይ ተጥዶ ይውላል።"

እሺ። ሌላ ቁጥር ልጨምር። በዚያው ፈተና 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! አንድ ልጅ ይሰንፋል። አሥር ልጅ ይሰንፋል። አንድ ትምህርት ቤት ግን ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር ሙሉ በሙሉ ይሰንፋል? 1,161 ትምህርት ቤት ይሰንፋል? ወገኖቼ፣ እስኪ ልብ በሉ። ፈተናው አንድ ነበር። ልጆቹ እዚያ ፈተና የደረሱበት መንገድ ግን አንድ አልነበረም።

መምህራን አንድ የምንወደው አባባል አለን። "እኔ ተማሪ አላበላልጥም፤ ሁሉንም በእኩል ዓይን ነው የማየው።" እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ፤ ደረቴን ነፍቼ ብዬዋለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁሉንም በእኩል ዓይን አየሁ ስል አንዳቸውንም በቅጡ አላየሁም ነበር። እንዴት እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሦስት ነገር አነሳለሁ።

የመጀመሪያው የገንዘብ ነገር ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው እንላለን። ነፃ ነው? ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ መዋጮ አለ። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ማንሳት የምፈልገው እኛ መምህራን ሳናስበው የምናስከፍለውን ነው።

የዛሬ 15 ዓመት ገደማ ነው፤ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ለ9ኛ ክፍል የስታትስቲክስ አሳይመንት ሰጠሁ። ከሰፈራችሁ መረጃ ሰብስቡ፣ በግራፍ አሳዩ፣ ታይፕ አስደርጋችሁ አስረክቡ። ከ10 ይታሰባል። በዚያን ጊዜ የኮምፒውተር ጽሑፍ አዲስ ነገር መስሎን ሁላችንም "ታይፕ አስደርጉ" እንል ነበር። ሠለጠንን ብለን ነው።

አንዲት ልጅ በእጇ ጽፋ መጣች። ከደብተሯ መሀል የተገነጠለ ወረቀት ነው፤ ጠርዙን በመቀስ አስተካክላዋለች። የሠራችው ጥናት ግቢያቸው ውስጥ የሚኖሩ ሰባት አባወራዎች በሳምንት ስንት ጄሪካን ውኃ እንደሚቀዱ ነው። ሰባት የግራፍ ዓምዶች፣ በማስመሪያ የተሰመሩ፣ አንዱ ከአንዱ ያልተዛነፈ። ቀለም ቀብታቸዋለች። ቡኒው የቡና አተላ ነው። ቢጫው እርድ ነው። ወረቀቱን ወደ ፊቴ ሳስጠጋው እርዱ ይሸታል።

ስንት የሰጠኋት ይመስላችኋል? 6። አራቱን ማርክ ታይፕ አልተደረገም ብዬ ቀነስኩት። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነዋ! ታይፕ አስደርገው፣ ባለ ቀለም ሽፋን አስደርገው፣ ከኢንተርኔት ቤት የተገለበጠ ነገር ላመጡት 9 እና 10 ሰጠሁ። ልጅቷ ወረቀቷን አይታ፣ አጥፋ፣ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ምንም አላለችም።

የወላጆች ቀን እናቷ መጡ። ጉሊት የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ለክስ የመጡ መስሎኝ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ። "መምህርት፣ ይሄ ታይፕ የሚባለው ነገር ባንድ ገጽ ስንት ነው? ለሚቀጥለው ከአሁኑ ላጠራቅምላት ብዬ ነው።"

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ምን እላለሁ? አፌ ተሳሰረ። እኚያ ሴት እኔን አልከሰሱም። ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብለው ነው የመጡት። ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ ሸጠው የልጃቸውን አራት ማርክ ሊገዙ መጡ። ማርኩን በማግስቱ አስተካከልኩ። ግን ከእሷ በፊት ስንት ልጅ ላይ ይሄን አድርጌያለሁ? የእነሱ ወረቀት ዛሬ የለም፤ ካርዳቸው ላይ ያለው ቁጥር ግን አለ።

መዋጮ ያልከፈለ ይቁም የሚባለውም ነገር እንዲሁ ነው። ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ፊት ስም እየተጠራ "አንተ አልከፈልክም፣ አንቺ አልከፈልሽም።" ልጁ ምን ያድርግ? ደመወዝ አለው? ይሄ ዘንድሮ በዚህ ትምህርት ቤት ይቅር። ይቅር ብዬ ነው የምለምነው። የሚጠየቅ ወላጅ ካለ ወላጁ ለብቻው ይጠየቅ።

ስለ ምግብ ብዙ አልናገርም። የከተማችን የተማሪዎች ምገባ ከመጣ ወዲህ በታችኞቹ ክፍሎች ሦስተኛ ፔሬድ ላይ የሚያዞረው ልጅ ቀንሷል። እኔ ድሮ አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ እየሠራ ሲወድቅ በእጄ ይዤዋለሁ። ጠመኔው ከጣቱ አልወጣም ነበር። ምሳ የሚሠሩልን እናቶች እዚህ ካላችሁ እግዜር ይስጥልን። ግን ምገባው ለታችኞቹ ክፍሎች ነው። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ረሃቡን 8ኛ ክፍል ጥሎት አልመጣም። እኔ የማስተምረው 9ኛ ክፍል ነውና ይሄን በየቀኑ አየዋለሁ።

ታዲያ እንዴት እንርዳ? ልጁን ሳናሳፍር እንዴት እንርዳ? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እኔ የገጠር ልጅ ነኝ። ከቤታችን ደብረ ታቦር በእግር አምስት ሰዓት ይወስዳል። 7ኛ ክፍል ስገባ ከሦስት የሰፈራችን ልጆች ጋር ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየን። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት፣ እሁድ ስንቅ ተሸክመን ወደ ከተማ። እንጀራው እስከ ማክሰኞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድርቆሽ ነው። እዚህ መሀል ስንቅ የተሸከማችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይሞላል። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ እንቀመጣለን። እንዲህ ሲሆን ከተማ የምንደርሰው ሰኞ ጠዋት ነው። ሳንተኛ፣ ሳናጠና።

የፊዚክስ መምህራችን ሰኞ ሰኞ ነበር የሚፈትኑን። አንድ ሰኞ ወረቀት ሲያድሉ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እግሬን አዩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነው፤ ገና አልደረቀም። አጠገቤ ያሉትንም እግር አዩ። ምንም አልተናገሩም። በሚቀጥለው ሳምንት ገብተው "ከዛሬ ጀምሮ ፈተና ረቡዕ ነው" አሉ። በቃ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገሩም። "ለገጠር ልጆች ስል ነው" አላሉም። የከተማ ልጆችም ደስ አላቸው፤ እነሱም ሰኞ ፈተና አይወዱም። ማንም አልተዋረደም። ማንም "ምስኪን" አልተባለም። እኔ ግን በዚያ ሴሚስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍሉ እስከ 10ኛ ካሉት ውስጥ ገባሁ።

እኚህ መምህር ምን ገንዘብ አወጡ? ምን በጀት ጠየቁ? ሰኞን በረቡዕ ቀየሩ። ግን በመጀመሪያ እግራችንን አዩ። ጎንበስ ብለው እግራችንን አዩ።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋ ነው።

አዲስ አበባ የሁሉም ቤት ናት እንላለን። ልጆች ከየአገሩ ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ከወላጁ ጋር፣ አንዳንዱ ብቻውን። ቤቱ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ሀዲይኛ ይናገራል። እኛ ደግሞ በአማርኛ እናስተምረዋለን፣ ከዚያ ክፍሉ ከፍ ሲል እንግሊዝኛ እንጨምርበታለን። ልጁ ዝም ሲል "አይገባውም" እንላለን።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሳስተምር አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። የመጣው ከጨንቻ በኩል ነው። ከጋሞ ደጋ። ግማሽ ቀን ይማራል፣ ግማሽ ቀን አጎቴ ከሚለው ሰው ጋር ይሸምናል። ፈተና ላይ ከ20 ሦስት፣ አራት ነው የሚያመጣው። አንድ ቀን እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ አንተ ድገመው" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በእሱ ቋንቋ አንተና አንቺ አንድ ቃል ነው። ይሄን ያኔ አላውቅም ነበር። ከልጆቹ ጋር እኔም ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ምክንያቱም ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ለወራት እጁን አላወጣም።

ለጥምቀት ቀሚስ ላሠራ ሰፈር ውስጥ ስዞር አንድ ጨለምለም ያለ ቤት ገባሁ። እሱ ነው! እግሩን የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል። መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። አየኝና ደነገጠ፤ ሊነሳ ሲል "ቀጥል፣ ቀጥል" አልኩት። ጥለት እየጣለ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይቆጥራል፤ በራሱ ቋንቋ። ክሩን በጣቱ እየለየ ያነሳል፣ ይተዋል፣ ያነሳል። መሀል ሲደርስ ያንኑ በተቃራኒው ይመልሰዋል። "መሀሉን እንዴት አወቅከው?" ብዬ ጠየቅሁት። በተሰባበረ አማርኛ አስረዳኝ። ጠቅላላ ክሩን ቆጥሮ ለሁለት ይከፍላል። ጎዶሎ ከሆነ አንዷን መሀል ያስቀምጣታል። ሌላ ቀለም ሲጨመር የየቀለሙን ቁጥር ያባዛል። ሁሉም በጭንቅላቱ ነው፤ ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም።

መምህራን ሆይ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማባዛት ነው። ማካፈል ነው። ሲሜትሪ ነው! እኔ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሳምንት የምፈጅበትን ልጁ በጣቱ ጨርሶታል። እኔ ደግሞ ከ20 ሦስት እሰጠዋለሁ።

ወረቀቱን ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁት። የወደቀው የቃላት ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። "አንድ ነጋዴ 48 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ በኩንታል ይህን ያህል ቢያተርፍ..." ቁጥሩ አልከበደውም። "ቢያተርፍ" የሚለው ቃል ነው ያልገባው። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ጮክ ብዬ አነብብ ጀመር፤ ለሁሉም ነው የማነበው። ከባድ ቃል ሲኖር ከጎኑ በቀላል እጽፋለሁ። ከጤፍና ከኩንታል ጋር ሸማና ክርም አስገባሁ። በሚቀጥለው ፈተና 14 አመጣ። አማርኛውም እየተፍታታ መጣ። "ቲቸር፣ አንቺ" ብሎ ሲጠራኝ ክፍሉ አጨበጨበለት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ለፋሲካ የሸማ ትእዛዝ በዛ። ልጁ መቅረት ጀመረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። የስም መጥሪያው ላይ "ቀ"፣ "ቀ"፣ "ቀ"። ሄጄ ጠየቅሁ፤ አጎቱ "ይመጣል" አለኝ። በመስከረም አልተመዘገበም። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። አንድ ሰው ነኝ፣ ቶሎ አልደረስኩም። እንደ ትምህርት ቤት ብንሆን፣ ዩኒት ሊደሩም፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱም፣ ወረዳውም አብረውኝ ቢሄዱ ያ አጎት እንዲህ በቀላሉ አይመልሰኝም ነበር። ልጅ ሦስት ቀን ሲቀር ቤቱ የሚሄድ ሰው ያስፈልገናል። አራተኛው ቀን አይጠበቅም።

እንዲያው ከተነሳ አይቀር፣ የማታ ተማሪዎቻችንንም አስቡ። አብዛኞቹ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶች ናቸው። ይሄን ስናገር እዚህ ውስጥ አሠሪ የሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አደራ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ልቀቋቸው። "እንግዳ አለብን፣ ዛሬ ቅሪ" የምትባል ልጅ የሳምንቱን ሒሳብ ሙሉ ታጣለች።

ሦስተኛው ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆቻችን ነው። የማውቀው ስለ ሒሳብ ስለሆነ በሒሳብ ብቻ እናገራለሁ።

ይህን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? በ12ኛ ክፍል ፈተና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ውጤቱ ከ600 ሲታሰብ ዓይነ ስውሩ ከ500 ነው የሚታሰብለት። የጎደለው መቶ ሒሳብ ነው። ይቅርባቸው ብለናል። አዝነን ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ሒሳብ ይቅርብህ ስንለው ከሒሳብ በስተኋላ ያለውን በር ሁሉ እየዘጋንበት ነው። ኢኮኖሚክሱም፣ አካውንቲንጉም፣ ኮምፒውተሩም እዚያ በር ውስጥ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ዓይነ ስውር ተማሪዬን በእኔ ፔሬድ "ከፈለግህ ውጣና አየር ተቀበል" እለው ነበር። እሱ ግን አይወጣም፤ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል። አንድ ቀን ክፍሉ ሲበተን ቀርቶ "ቲቸር፣ ዛሬ ሁሉም ያደነቁት ምን ዓይነት ስዕል ነው?" አለኝ። የሳልኩት ፓራቦላ የሚባለውን የግራፍ ኩርባ ነበር። እንዴት ይነገራል? ቤት ሄጄ ካርቶን ላይ በሹራብ ክርና በማጣበቂያ ሠራሁት። የግራፉን ሁለት መስመሮች በወፍራም ክር፣ ኩርባውን በቀጭን። በማግስቱ ጣቱን ይዤ አስጀመርኩት። ከላይ ወረደ፣ ታች ደረሰ፣ ተመልሶ ወጣ። እንደገና ሄደበት። "እንዲህ ነው እንዴ?" አለ፤ "እኔ ክብ ነገር ነበር የመሰለኝ።" አጠገቡ ያሉ ልጆች ተሰበሰቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው በየተራ ዳሰሱት። ሰሌዳ ላይ አይተው ያልገባቸው ሁለት ልጆች በጣታቸው ገባቸው።

የትነበርሽ ንጉሤን ታውቋታላችሁ። ወሎ ተወልዳ ገና በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ ዓይነ ስውራንን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበርና ገባች፣ ተማረች፣ የሕግ ባለሙያ ሆነች፣ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለመች። ስለ እሷ ስናወራ ጥንካሬዋን ነው የምናወራው፤ ይገባታል። እኔ ግን ያ በር ዝግ ቢሆንስ ኖሮ እላለሁ። እንደ እሷ ብርቱ የሆኑ፣ በር ያልተከፈተላቸው ስንቶች በየቤቱ ቀርተዋል?

አሁን ሰዓቴ እያለቀ ነው። ወላጆችን አንድ ነገር ልለምን። አቅም ያላችሁ ወላጆች "ልጄን ከዚያ ልጅ አጠገብ አንሱልኝ" እያላችሁ አትምጡብን። በየዓመቱ ይመጣል፤ ዘንድሮ አትምጡ። የእናንተ ልጅ ቤት ውስጥ አስጠኚ አለው። አጠገቡ ላለው ልጅ ግን አስጠኚው የእናንተ ልጅ ነው፤ አብረው ቢያጠኑ ከእናንተ ልጅ ምንም አይጎድልም። አቅም የሌላችሁ ወላጆች ደግሞ፣ እባካችሁ አትፈሩን። ልጁ የሚሠራ ከሆነ ንገሩን። ደብተር ካጣ ንገሩን። በር ላይ ቆማችሁ አትመለሱ።

ባልደረቦቼ፣ ለእናንተ አንድ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አራት ጥያቄ ነው ያለው። ልጁ ቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ከትምህርት ሰዓት ውጭ ምን ይሠራል? ከተቀመጠበት ሆኖ ሰሌዳውን ያነብባል፣ ድምፅስ ይሰማዋል? ከቤቱ እዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ክፍል ውስጥ ጮክ ብላችሁ አትጠይቁ። ልጁን ለብቻው፣ በረንዳ ላይ፣ እንደ ወሬ አድርጋችሁ ጠይቁት። መልሱን ለሁሉም የክፍሉ መምህራን አካፍሉ፤ ለሌላ ተማሪ ግን አይነገር። እስከ መስቀል ማግስት ድረስ ሞልተን እንጨርስ። ከዚያ መስከረም መጨረሻ ላይ መምህራን ብቻ ተቀምጠን የፈተናና የአሳይመንት ፕሮግራማችንን እሱን እያየን እንሠራለን።

ወረቀቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ሆምሩም መምህራን ከመውጣታችሁ በፊት ውሰዱ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።